«ድፍረቷ የገበያ ስልት ነበር» ለተባለችው ሎሬታ ሊን፤ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ አሜሪካዊቷ የካንትሪ ሙዚቃ ድምፃዊት ስለ ሎሬታ ሊን የተጻፈ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ሰው ልኮልኝ አነበብኩ። ጽሑፉ «ደፋሯ» የሚለው ስም ለሎሬታ አይገባትም ባይ ነው። ክሶቹ ባጭሩ እነዚህ ናቸው። ዕድሜዋን ዋሽታለች። ዘፋኝ ያደረጋት ባሏ ነው። ብዙ ያነጋገረው የእርግዝና መከላከያ ዘፈን የራሷ ድርሰት አይደለም። ስለ ሴቶች እየዘፈነች ከሚሰክርና ከሚማግጥ ባል ጋር ዘመኗን ሙሉ ኖራለች። በስተርጅና ደግሞ ዶናልድ ትራምፕን ደግፋለች። ስለዚህ ድፍረቷ የገበያ ስልት ነበር ይላሉ ጸሐፊው።

ጸሐፊው ብዙ አንብበዋል፤ ይህን አልክድም። ከጠቀሷቸው ነገሮች አብዛኞቹ እውነት ናቸው። የማልስማማው በመደምደሚያቸው ነው። ሎሬታን ለረጅም ጊዜ ስሰማት የኖርኩ ሰው ነኝና ዝም ብሎ ማለፍ አልሆነልኝም። ክሶቹን አንድ በአንድ አነሳለሁ። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

«ዕድሜዋን ዋሽታለች»

አዎ፣ ዋሽታለች። ለብዙ ዓመታት 13 ዓመቴ ላይ አገባሁ ትል ነበር። በ2012 አሶሺዬትድ ፕሬስ የልደትና የጋብቻ መዝገቧን አግኝቶ እውነቱን አወጣው። የተወለደችው ኤፕሪል 14 ቀን 1932 ነው። ያገባችው ደግሞ በጃንዋሪ 1948፣ 16 ዓመት ሊሞላት ሦስት ወር ሲቀራት ነው።

13 እና 15 አንድ አይደሉም። ጸሐፊው ግን ከዚህ ተነስተው «ታዲያ የቀረውን ታሪኳን ለምን እናምናለን?» ብለው ይጠይቃሉ። የቀረውን የምናምነው መዝገብ ስላለው ነው። አባቷ ቴድ ዌብ በምሥራቅ ኬንታኪ፣ ቫን ሊር በሚባል ቦታ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ነበር። ቤተሰቡ ቡቸር ሆሎው ከሚባለው ሸለቆ ውስጥ በእንጨት ጎጆ ይኖር ነበር። ስምንት ልጆች ነበሩ፤ ሎሬታ ሁለተኛዋ ናት። ኦሊቨር ሊን፣ ሰው ሁሉ «ዱሊትል» ወይም ባጭሩ «ዱ» የሚለው፣ ከውትድርና የተመለሰ የ21 ዓመት ጎረምሳ ነበር። የተገናኙት ልጃገረዶች የጋገሩት ፓይ ለጨረታ በሚቀርብበት የመንደር ዝግጅት ላይ ነው። ዱ ተጫርቶ የሎሬታን ገዛ። እሷ ስኳር መስሏት ጨው ጨምራበት ነበር። ከአንድ ወር በኋላ ተጋቡ።

ብዙም ሳይቆይ አርግዛ ከኬንታኪ ወጣች። አገር አቋርጣ ወደ ሌላኛው ዳርቻ፣ በዋሺንግተን ግዛት ካናዳ ድንበር አጠገብ ወዳለችው የግንደ ቆራጮች መንደር ወደ ከስተር ሄደች። በ20ዎቹ ዕድሜዋ መጀመሪያ ላይ የአራት ልጆች እናት ነበረች። ዕድሜዋ በሁለት ዓመት ቢስተካከል ከዚህ ውስጥ የሚቀየረው የቱ ነው? 15 ዓመት ተኩልም ቢሆን ልጅ ናት።

«ዘፋኝ ያደረጋት ባሏ ነው»

ይህን ክስ ስመልስ ትንሽ ረዘም እላለሁ። ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ በአንድ ዓረፍተ ነገር አይመለስም።

ጊታሩን የገዛላት ዱ ነው። በ1953 ሲርስ ከሚባለው መደብር በ17 ዶላር ነው የገዛው። ቤት ውስጥ ስታንጎራጉር ሰምቶ ድምፅሽ ሬዲዮ ላይ ከምሰማቸው አያንስም ያላት እሱ ነው። ሰው ፊት ለመቆም ስትፈራ ገፍቶ መድረክ ላይ ያወጣትም እሱ ነው። ሎሬታ ይህን ደብቃ አታውቅም። ያለ ዱ ዘፋኝ አልሆንም ነበር ብላ ደጋግማ ተናግራለች። ጸሐፊው እንደ ምስጢር ያወጡት ነገር የራሷ ቃል ነው።

ግን ጊታር መግዛትና ዘፈን መጻፍ ይለያያሉ። ዱ ጊታሩን አምጥቶ ወደ ሥራው ሄደ። ጣቷን ያለማመደችው እሷ ናት። ልጆቿን እያስተኛች፣ የሰው ልብስ እያጠበች፣ አስተማሪ ሳይኖራት መጫወት ተማረች። ቀጥላ ግጥም መጻፍ ጀመረች። በአካባቢው ዳንስ ቤቶች ዘፈነች። ታኮማ ከተማ በቴሌቪዥን በሚተላለፍ የተሰጥኦ ውድድር አሸንፋ የእጅ ሰዓት ተሸለመች። ያን ፕሮግራም ያዩት ኖርም በርሊ የሚባሉ ካናዳዊ የእንጨት ነጋዴ ገንዘብ አወጡላት። በ1960 «አይም ኤ ሆንኪ ቶንክ ገርል» የተባለው የመጀመሪያ ነጠላ ዜማዋ ወጣ። ግጥሙም ዜማውም የራሷ ነው።

ከዚያ ባልና ሚስት መኪናቸው ላይ ሸክላዎቹን ጭነው ከሬዲዮ ጣቢያ ሬዲዮ ጣቢያ ዞሩ። ሳንድዊች እየበሉ፣ መኪናው ውስጥ እያደሩ። የሬዲዮ አንቴና ባዩ ቁጥር ይቆማሉ፤ ሎሬታ ትገባና እባካችሁ ይህችን ዘፈን አጫውቱልኝ ትላለች። ዘፈኑ በቢልቦርድ የካንትሪ ሰንጠረዥ 14ኛ ደረጃ ድረስ ወጣ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የካንትሪ ሙዚቃ ማዕከል በሆነችው በናሽቪል፣ ግራንድ ኦል ኦፕሪ በተባለው መድረክ ላይ ቆመች። ልጅ ሆና ቤተሰቡ ቅዳሜ ማታ በባትሪ ሬዲዮ ዙሪያ ተሰብስቦ ይሰማው የነበረው መድረክ ነው። አባቷ ይህን አላየም። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1959፣ በ52 ዓመቱ ሞቷል። የከሰሉ አቧራ ሳንባውን ጨርሶት ነበር።

«ፈጠራት» ከተባለ ሌላ ስምም ይጠራ። ፓትሲ ክላይን በጊዜው የካንትሪ ንግሥት ነበረች። ለአዲሷ የገጠር ልጅ አለባበሱንም የመድረክ አያያዙንም አሳየቻት። ለባልሽ ሁሉን ነገር እሺ አትበዪ ያለቻትም እሷ ናት። ፓትሲ በማርች 1963 በአውሮፕላን አደጋ ስትሞት ጓደኝነታቸው ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። ሎሬታ በ1964 ከወለደቻቸው መንታ ሴቶች አንዷን ፓትሲ ብላ ጠራቻት። ጸሐፊው ይህን ታሪክ ጭራሽ አላነሱትም። ስለ አንዲት ሴት አነሳስ ሲጻፍ ባሉ ገኖ ሴት ጓደኛዋ መዘለሏ ገርሞኛል።

ደግሞ ዘፈኖቹን እንስማቸው። አንድ ቀን ከመድረክ በስተጀርባ አንዲት ሴት እያለቀሰች መጣች። ባሌ ሌላ ሴት ይዞ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ገብቷል አለቻት። ሎሬታ በመጋረጃው አሾልቃ ያቺን ሌላዋን ሴት አየች። ከዚያ ወደ ተበዳይዋ ዞር ብላ፣ እሷማ የአንቺን ባል ለመንጠቅ አቅሙም የላትም አለቻት። ልብስ መቀየሪያ ክፍሏ ገብታ ዘፈኑን ጻፈችው። በ1966 «ዩ ኤይንት ውመን ኢናፍ» ተብሎ ወጣና 2ኛ ደረጃ ያዘ። ይህን ስትጽፍ ዱ የት ነበር? ምናልባት እሱም ከሌላ ሴት ጋር። በ1968 የወጣው «ፊስት ሲቲ» ዱን ለምታሽኮረምም አንዲት ሴት በቀጥታ የተላከ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ካልራቅሽው ቡጢ ታገኛለሽ የሚል። አንደኛ ወጣ። ባል የፈጠራት ዘፋኝ ብትሆን ኖሮ ባሏን እንዲህ አደባባይ ላይ አታወጣውም ነበር።

የድርሰት ችሎታዋን ማየት የፈለገ ሰው በ1970 የወጣውን «ኮል ማይነርስ ዶተር» (የከሰል ቆፋሪው ልጅ) ይስማ። እናቷ ልብስ በሰሌዳ ስታሽ ጣቷ ሲደማ አይቻለሁ ትላለች። ክረምት ላይ ጫማ የሚገዛው አባቷ አሳማ ሸጦ መሆኑን ትናገራለች። «ድሃ ነበርን ግን ተዋደን ኖርን» ብላ ዝም አላለችም፤ የደማውን ጣት አሳየችን። መጀመሪያ የጻፈችው በጣም ረጅም ነበር። ፕሮዲዩሰሯ ኦወን ብራድሊ አሳጥሪው ስላላት ብዙ ስንኝ ቆርጣ ጣለች። የቀረው የካንትሪን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ሁሉ በቃሉ የሚያዜመው ሆነ።

«ስለ ክኒኑ የተዘፈነው ዘፈን የእሷ አይደለም»

ልክ ነው። «ዘ ፒል» የተባለውን ዘፈን ሎሬን አለን፣ ዶን ማክሃንና ቲ ዲ ቤይለስ ናቸው የጻፉት። ጸሐፊው ይህን ካረጋገጡ በኋላ «እንግዲህ ድፍረቱ የደራሲዎቹ ነው» ይላሉ።

ሬዲዮ ጣቢያዎች ዘፈኑን ሲያግዱ ግን ያገዱት የማንን ድምፅ ነው? ከመድረክ ላይ ስሟ የተጠራው ማን ናት? ኬንታኪ ውስጥ አንድ ሰባኪ በስብከቱ ላይ ያወገዘው ሎሬታን እንጂ ዶን ማክሃንን አይደለም። በዘፈን ዓለም ፊቱን የሚሰጥ ሰው ነው ዋጋውን የሚከፍለው።

ዘፈኑ ምን ይላል? አንዲት ሚስት ባሏን ታነጋግራለች። ስንጋባ ዓለምን አሳይሻለሁ ብለኸኝ ነበር፤ ያየሁት ግን አልጋና የሐኪም ሂሳብ ነው ትለዋለች። ዓመት በዓመት አንተ ስትዝናና እኔ ስወልድ ኖርኩ። ራሷን እንቁላል ስትታቀፍ ከምትኖር ዶሮ ጋር ታነጻጽራለች። አሁን ግን ክኒኑ አለኝና ጎጆውን አፈርሰዋለሁ። የእርግዝና ቀሚሴ ወደ ቆሻሻ ይሂድ። ከዛሬ ጀምሮ አጭር ቀሚስ ነው የምለብሰው። ዜማው ደስ የሚል፣ እግር የሚያንቀሳቅስ ነው። ልቅሶ የለበትም። ሰዎችን ይበልጥ ያስቆጣቸውም ይህ ይመስለኛል። ሴትዮዋ አላፈረችም፤ ደስ ብሏታል።

ጊዜውን እናስታውስ። የእርግዝና መከላከያ ክኒን አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1960 ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያገቡ ሰዎች መከላከያ እንዳይጠቀሙ ግዛቶች መከልከል አይችሉም ብሎ የወሰነው በ1965፣ ላላገቡት ደግሞ በ1972 ነው። ሎሬታ ዘፈኑን የቀዳችውም በዚሁ በ1972 ነው። አሳታሚዋ ግን እስከ 1975 ድረስ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። ጸሐፊው «የገበያ ስልት» ያሉትን ነገር ገበያውን የሚያውቁት ሰዎች ራሳቸው ሦስት ዓመት ፈርተው ደብቀውታል።

ሲወጣ ብዙ የካንትሪ ጣቢያዎች አናጫውትም አሉ። ሎሬታ እንደተናገረችው ግራንድ ኦል ኦፕሪም እንዳትዘፍነው ለመከልከል ለሦስት ሰዓት ያህል ስብሰባ ተቀምጦ ነበር። እሷ የሰማችው ዘፍናው ከጨረሰች በኋላ ነው። ያም ሆኖ በካንትሪ ሰንጠረዥ 5ኛ ወጣ። በአጠቃላዩ የፖፕ ሰንጠረዥ ደግሞ 70ኛ ገባ። ብቻዋን ከዘፈነቻቸው ሁሉ በዚያ ሰንጠረዥ ከፍ ያለው ይኼ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የገጠር ሐኪሞች የነገሯት ነገር ይበልጥብኛል። መንግሥት በየጤና ጣቢያው ከሚበትነው ወረቀት ይልቅ ይህ ዘፈን ስለ መከላከያው ለገጠር ሴቶች ብዙ አሳውቋል ብለዋታል። አያስገርምም። በጤና ባለሙያ ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ተራራ ሥር ያለች እናት ጋ አይደርስም። ሬዲዮ ይደርሳል። ደግሞ ድምፁ እንደ እሷው የሚያወራ፣ እንደ እሷው ተከታትሎ የወለደ ሰው ድምፅ ነው። ሎሬታ በ20ዎቹ ዕድሜዋ መጀመሪያ ላይ አራት ልጅ የታቀፈች ሴት ናት። ለዚህ ዘፈን ከእሷ የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣ ነበር?

«ባሏን ሳትተው ስለ ሴቶች ዘፈነች»

ወደ ዋናው ክስ ደረስን። ጸሐፊው ዱ ሰካራም እንደነበር፣ ሌሎች ሴቶች ጋ እንደሚሄድ፣ እጁንም እንደሚያነሳ ዘርዝረዋል። ሁሉም እውነት ነው። ሎሬታ ራሷ ጽፋዋለች፤ እሱ ሲመታት እሷም መልሳ ትመታው እንደነበር ጭምር። እኔ ዱን ለመከላከል አልተነሳሁም፤ የሚከላከሉለት ነገርም የለውም። ትዳሩ ግን ዱ በ1996 እስኪሞት ድረስ 48 ዓመት ዘለቀ። «ጥላው ብትሄድ ኖሮ ዘፈኖቿን አምን ነበር» ይላሉ ጸሐፊው።

እኔ ደግሞ ዘፈኖቿን የማምናቸው እዚያው ሆና ስለዘፈነቻቸው ነው።

በ1966 መጨረሻ የወጣውን «ዶንት ከም ሆም ኤ ድሪንኪን» አስቡት። ከእህቷ ከፔጊ ሱ ጋር ነው የጻፈችው። ነገሩ ቀላል ነው፤ ሰክረህ መጥተህ ፍቅር አትጠይቀኝ። ከዚያ በፊት የካንትሪ ሙዚቃ ስለ መጠጥ ሲዘፍን አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ጠጪው ነው። ልቡ የተሰበረ ወንድ መሸታ ቤት ተቀምጦ ያለቅሳል። ቤት ቁጭ ብላ በሩ እስኪንኳኳ የምትጠብቀዋ ሴት ቃል አልነበራትም። ሎሬታ ቃል ሰጠቻት። በ1967 መጀመሪያ ላይ አንደኛ ወጣ፤ የመጀመሪያዋ አንደኛ ዘፈን ነው። በዚሁ ስም የወጣው አልበም በ1970 የወርቅ ደረጃ ሲያገኝ ለሴት የካንትሪ ዘፋኝ የመጀመሪያው ነበር።

ሸክላውን የገዙት እነማን ይመስሏችኋል? ባላቸውን ጥለው የወጡ ሴቶች ብቻ አይደሉም። መሄጃ የሌላቸው፣ በእጃቸው ገንዘብ የሌለ፣ አራት አምስት ልጅ የያዙ ሴቶች ናቸው። እነሱም አልወጡም፤ እሷም አልወጣችም። ግን «በዚህ ሁኔታ አልጋዬ ላይ አትመጣም» ማለት ይቻላል የሚለውን ከእሷ ሰሙ። እዚያው ትዳር ውስጥ ሆኖ ይህን መናገር ቀላል ነገር ነው የሚል ሰው ካለ፣ ዘፍና ስትጨርስ የምትመለሰው ወደዚያው ቤት እንደነበር ያስታውስ። ገበናን ሸፍኖ መኖርን የሚያህል የለመድነው ነገር የለም። እሷ ግን ባሏ አዳራሹ ውስጥ ቁጭ ብሎ እየሰማ ገልጣ ዘፈነችው።

ትቶ መሄድ ምን እንደሚያስከትልም አሳምራ ታውቅ ነበር። በ1972 የጻፈችው «ሬትድ ኤክስ» የተፋታች ሴትን ነው የሚመለከተው። የፈታች ሴት ሁሉ እንደ ቀላል ሴት ትታያለች፤ የጓደኞቿ ባሎች ሳይቀሩ ይመኟታል፤ ሴቶቹም ይሸሿታል ትላለች። ይህም ጣቢያዎችን አስቆጥቷል፤ ይህም አንደኛ ወጥቷል። ጸሐፊው ስለዚህ ዘፈን አንድ መስመር እንኳ አልጻፉም። ቢያነሱት ኖሮ «ለምን አልፈታችውም?» የሚለውን ጥያቄያቸውን እሷ ከ50 ዓመት በፊት እንደመለሰችው ያዩ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ሎሬታ የሴቶች ንቅናቄ አባል ነኝ ብላ አታውቅም። እንዲያውም ከንቅናቄው ጋር ስሟ ሲያያዝ ብዙም አይመቻትም ነበር። ጸሐፊው «ስለ ሴቶች መብት ትሰብክ ነበር» ሲሉ ያልገባችውን ቃል አስገብተው፣ ቃሏን አፈረሰች ብለው ይከሷታል። እሷ የዘፈነችው ያየችውንና የኖረችውን ነው።

«ትራምፕን ደገፈች»

ደግፋለች፤ በ2016። በ1988 ደግሞ ለአባትየው ጆርጅ ቡሽ ቀስቅሳለች። ከዚያ በፊት የዴሞክራቱ የጂሚ ካርተር ወዳጅ ነበረች። በ2013 የፕሬዚዳንቱን የነፃነት ሜዳይ ያጠለቁላት ባራክ ኦባማ ናቸው። የፖለቲካ ምርጫዋ የማይጥማችሁ ብትኖሩ አልፈርድባችሁም፤ እኔም አንዳንዱ አይጥመኝም። ግን በ80ዎቹ ዕድሜዋ የሰጠችው ድጋፍ በ30ዎቹ ዕድሜዋ የጻፈችውን ዘፈን አይሰርዘውም።

በ33 ዓመቷ ያወጣችው «ዲር አንክል ሳም» የቬትናም ጦርነት ገና እየጋለ ሳለ፣ በ1966፣ ባሏ የተወሰደባት ሚስት ለመንግሥት የጻፈችው ደብዳቤ ነው። አገሬን እወዳለሁ፤ ግን ባሌን ከእኔ በላይ አትፈልጉትም ትላለች። መጨረሻው ላይ የሞት ቴሌግራም ይደርሳታል። በዚያን ጊዜ ከናሽቪል የሚወጣው የጦርነት ዘፈን አብዛኛው ባንዲራ የሚያውለበልብ ነበር።

ቻርሊ ፕራይድንም እናንሳ። የካንትሪ ኮከብ የሆነ ጥቁር ድምፃዊ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር የሽልማት ምሽት ላይ አሸናፊውን እንድትጠራ ሎሬታ ተመደበች። ራሷ እንደተናገረችው ቻርሊ ካሸነፈ ራቅ በዪ፣ እንዳትነኪው ተብላ ነበር። በቀጥታ በቴሌቪዥን ይተላለፋል፤ የደቡብ ሰዎች ያያሉ። ቻርሊ አሸነፈ። ሎሬታ አቅፋ ሳመችው። ስለ ዘር እኩልነት ንግግር አላደረገችም። በወቅቱ ከዚያ እቅፍ የሚበልጥ ንግግር ግን ያደረገ የካንትሪ ኮከብ ብዙ አላውቅም።

ጸሐፊው በዚሁ ክፍል «የካንትሪ ሙዚቃ የነጭ ወግ አጥባቂዎች ነው፤ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ዓረፍተ ነገር ጣል አድርገዋል። የካንትሪ መለያ የሆነው ባለ ክሩ ባንጆ ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች የሠሩት መሣሪያ መሆኑን ብቻ ላስታውስ። ደግሞ ኬኒ ሮጀርስንና ዶሊ ፓርተንን በካሴት እየሰማ ያደገ አዲስ አበቤ ስንት ነው! ዛሬ ናሽቪል ውስጥ ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ። ሎሬታ የኖረችበትና የተቀበረችበት ሃሪኬን ሚልስ ከዚያ ወደ ምዕራብ በመኪና ሩቅ አይደለም።

«ከፊልሙ በኋላ ያለፈባት ሆነች»

ይህ የመጨረሻው ክስ ነው፤ «ድፍረቷ የገበያ ነበርና ገበያው ሲያልፍ አለቀ» የሚል። ፊልሙ በ1976 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ ላይ ተመሥርቶ በ1980 የወጣው ነው። ሲሲ ስፔስክ እሷን ሆና ተጫውታ ኦስካር አገኘችበት።

በ1970ዎቹ አጋማሽ የራሷ ድርሰቶች መቀነሳቸው እውነት ነው። ጸሐፊው ምክንያቱን «ደረቀች» ብለውታል። ምክንያቱ ውል ነው። ናሽቪል እንደገባች ያስፈረሟት ዊልበርን ወንድማማቾች የዘፈኖቿን የኅትመት መብት በእጃቸው ይዘው ነበር። ከእነሱ ጋር ስትጣላ፣ አዲስ ብትጽፍ ገቢው ለእነሱ ስለሚሄድ የሌሎችን ዘፈን መዝፈን ጀመረች። ለብዙ ዓመታት በፍርድ ቤት ተሟገተች፤ መብቱ አልተመለሰላትም። «ኮል ማይነርስ ዶተር»ን፣ የእናቷን ጣትና የአባቷን ሳንባ የጻፈችበትን ዘፈን ጭምር ማለት ነው። ገበያ አዋቂ ሴት ብትሆን ያን ውል ትፈርም ነበር?

ሐዘኑም ነበረ። በ1984 ልጇ ጃክ ቤኒ በ34 ዓመቱ በእርሻቸው በሚያልፈው ወንዝ ሰምጦ ሞተ። ከዚያ ባሏን አስታማ ቀበረች። ለዓመታት ከመድረክ ራቀች። አለቀላት የተባለው ያኔ ነው።

በ2004 ግን «ቫን ሊር ሮዝ» የተባለውን አልበም አወጣች። 72 ዓመቷ ነበር። ፕሮዲዩሰሩ የሮክ ሙዚቀኛው ጃክ ዋይት ነው፤ ያኔ ገና 28 ዓመቱ። ልብ በሉ፣ ሁሉንም ዘፈኖች ራሷ ጻፈቻቸው ወይም በመጻፉ ተሳተፈች።  ከዘፈኖቹ በአንዱ ሚስት ልጆቿን ይዛ የባሏ ውሽማ ደጃፍ ድረስ ትሄዳለች፤ እነዚህ ናቸው ቤታቸውን የምታፈርሽባቸው ትላታለች። ዱ ከሞተ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ እሷ ግን ገና አልጨረሰችም። አልበሙ ሁለት ግራሚ አገኘ። እንዲህ ያለውን ሴት ያለፈባት ማለት ይከብዳል። የመጨረሻ አልበሟ በ2021 ሲወጣ 50ኛዋ ነበር። ያኔ ስትሮክ መቷት፣ ዳሌዋ ተሰብሮ ድና፣ 89 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷት ነበር። በቀጣዩ ዓመት ኦክቶበር 4 ቀን ቤቷ ተኝታ አረፈች።

ጽሑፉ ተስተካክሎ የሚወጣ ከሆነ አንድ ነገር ይታረም። ጸሐፊው የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበርን «የዓመቱ ምርጥ አዝናኝ» ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ዶሊ ፓርተን ናት ብለዋል። ዶሊ ያገኘችው በ1978 ነው። ሎሬታ ሊን ከስድስት ዓመት በፊት፣ በ1972 አግኝታዋለች።